መቅዳትና መፋቅ



ባለፈው ወር ከጥያቄ ሣጥናችን በእርሳስ፣ በልጅ እጅ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጥታ ነበር። «ጌም በፍላሽ ማስጫን ስርቆት ነው ወይስ አይደለም?» ትላለች። ጥያቄው ሲነበብ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መልስ ሰጪው ወንድማችንም ፈገግ ብሎ «ይህንንስ ኮምፒዩተር ለሚያውቁት እንተወው» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። የሳቁት ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። ለምን እንዳዩኝ አላጣሁትም፤ በዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት መካከል ቢያንስ ለስድስቱ ጌም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለዚያውም በገንዘብ።

እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ እንጂ አልመለስኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ልጁ የጠየቀው ስለ ጌም ይሁን እንጂ ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። መዝሙሩም፣ ፊልሙም፣ መጽሐፉም፣ የሰርጋችን ፎቶግራፍም ዛሬ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ የሚተላለፍ የቁጥር ሰልፍ ሆኗል። ታዲያ የጎደለ ነገር ሳይኖር የተሰረቀ ነገር ሊኖር ይችላልን? ተከሳሿ ራሷ ዳኛ ሆና መቀመጧን አልዘነጋሁትም፤ አንባቢም ይህንኑ እያሰበ ያንብብልኝ።

የኮምፒዩተር ፍቅር የያዘኝ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዶ የተሸጠ አሮጌ ዴል ነበር። ኬዙ ቀጭን ስለነበረ ግራፊክስ ካርድ ማግኘት መከራ ሆነብኝ፤ አንዱ ካርድ ከኬዙ ቁመት ይበልጣል፣ ሌላው ቢገባም ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም። በመጨረሻ አንድ አጭር ካርድ ተገኘ። የሠፈር ልጆችን ሒሳብ እያስጠናሁ ባጠራቀምኩት ብር፣ ከነጋዴው ጋር ሁለት ቀን ተከራክሬ ገዛሁት። ራሙንም ከአራት ወደ ስምንት ጊጋባይት አሳደግሁ። ካርዱን ሰክቼ ማሽኑን ሳበራ፣ ከዚያ በፊት እየተንገጫገጨ ያስለቅሰኝ የነበረው የመኪና እሽቅድድም እንደ ውሃ ፈሰሰ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችና «ይኼው ነው? ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሽው?» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ጌም ጊዜ ገዳይ ነው የሚሉ ታላላቆቻችንን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ለፈተና ሳያነብ ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ አውቃለሁ፤ መስተዋት ፊት ስቆም አየዋለሁ። ነገር ግን አንድ መኪና በዝናብ መንገድ ላይ ሲንሸራተት ለማሳየት የጎማውን ሰበቃ ያሰላ ሰው አለ፤ የዝናቡን ድምፅ የቀረጸ ሰው አለ፤ የመንገዱን ዳር ዛፍ አንድ በአንድ የሣለ ሰው አለ። ይህንን ሥራ አይደለም የሚለኝ ካለ አልስማማም።

እነዚህን ሰዎች ግን አንድም ቀን አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ለብረቱ ላቤን አፍስሼ ከፈልኩ፤ በብረቱ ውስጥ ለሚሮጠው ሐሳብ ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም። ዩኒቨርሲቲ ስገባማ ጭራሽ ነጋዴ ሆንኩ። በዶርማችን ጌም ማስጫን የፈለገ ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፤ እኔ በአንድ ጌም 40 ብር እቀበላለሁ። ቁልፍ ያለበት ከሆነ ቁልፉን የሚሰብረውን ክራክ እፈልጋለሁ። ኅሊናዬ ሲጎነትለኝ የምሰጠው መልስ ዝግጁ ነበር፦ የማንም ነገር አልጎደለም።

በእርግጥም «መቅዳት» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ያስገርማል። ውሃ ከእንስራ ሲቀዳ ብርጭቆው ይሞላል፣ እንስራው ይጎድላል። ጌም ሲቀዳ ግን ፍላሹ ይሞላል እንጂ ዲስኩ አይጎድልም። በግ የሰረቀ ሰው ባለበጉን ያለ በግ ያስቀራል፤ ጌም የቀዳ ሰው ባለጌሙን ያለ ጌም አያስቀርም። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ቃል «ስርቆት» ብሎ መጥራት ነገርን ማደባለቅ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም።

ክርክሩ ከእኛ አልጀመረም። (ከዚህ በኋላ የውጭ ሀገሩን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።) በ1975 አሜሪካ ውስጥ አልታይር የሚባል፣ ገዢው በቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል ኮምፒዩተር ወጣ። ቢል ጌትስና ፖል አለን ለዚህ ማሽን የቤሲክን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉለት። ያን ጊዜ ፕሮግራም ይቀመጥ የነበረው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሆምብሩ የሚባል የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ክበብ ነበረ፤ ከጥቅልሎቹ አንዱ ክበቡ ውስጥ ገባና ከአባል ወደ አባል እየተባዛ ተሠራጨ። በፌብሩዋሪ 1976 ጌትስ ለአፍቃሪዎቹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከአልታይር ባለቤቶች ቤሲክን የገዙት ከመቶ 10 እንደማይሞሉ፣ ለሥራው የተጠቀሙበት የኮምፒዩተር ጊዜ ብቻ ከ40,000 ዶላር በላይ ዋጋ እንዳለው፣ ያገኙት ገቢ ግን ለደከሙበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እንደሚሆን ገለጸ። ያደረጋችሁት ስርቆት ነው ብሎም ፊት ለፊት ተናገረ።

ስለዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ ስሰማ የቱጃር ማልቀስ መስሎኝ ስቄ ነበር። ኋላ ግን ዕድሜውን አሰላሁት። በዚያን ጊዜ ጌትስ 20 ዓመቱ ነበር፤ የእኔ እኩያ። ኩባንያው ገና መቆሙ ነው። የክበቡም ሰዎች በበኩላቸው በዐይናቸው ሌቦች አልነበሩም፤ ያወቁትን ለጓደኛ ማካፈል ልማዳቸው ነበር፤ ኮምፒዩተር ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ወጥቶ በተራ ሰው ቤት የገባው በእንደነርሱ ያለ የመካፈል ልማድ ጭምር ነው። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። እንዲህ ያለው ነገር በጣም ያስቸግረኛል፤ አንደኛው ወገን ክፉ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ።

ከ17 ዓመት በኋላ አንድ ሌላ መንገድ ታየ። በዲሴምበር 1993 ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ ቡድን ዱም የተሰኘውን ጌም አወጣ። (በደም የተሞላ ጌም ስለሆነ ለታናናሾቻችን ተጫወቱት አልልም፤ የማወራው ስለ አወጣጡ ነው።) ከሦስቱ ክፍሎች የመጀመሪያው በነፃ ተለቀቀ፤ ማንም ይቅዳው፣ ለማንም ይስጠው፣ ነገር ግን ሳይነካካና ሳይለወጥ እንደተሠራ ይተላለፍ ተባለ። የቀሩትን ሁለቱን የፈለገ ገንዘብ ልኮ ያዝዛል። ጌሙ በፍሎፒ ከእጅ ወደ እጅ ዓለምን ዞረ። የሚቀዳው ሰው ጠላት መሆኑ ቀርቶ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። በ1997 መጨረሻ ደግሞ ባለቤቶቹ የጌሙን ሞተር የፕሮግራም ጽሑፍ ራሱን ለሕዝብ ሰጡት፤ ዛሬ ዱም የማይሠራበት ማሽን ፈልጎ ማግኘት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

«ሳይነካካና ሳይለወጥ» የሚለው ነገር ግን ብዙ አላሳሰበኝም ነበር። ያሳሰበኝ በራሴ ላይ ከደረሰ፣ ይልቁንም በራሴ እጅ በሰው ላይ ካደረስኩት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣና «ለታናሽ እኅቴ ነው፤ ኮዱን አንሺልኝ» አለኝ። ፍላሹ ላይ የፊደል ጌም ነበረ። ፊደሎች እንደ ዝናብ ከላይ ይወርዳሉ፤ ልጁ መሬት ሳይነኩ በኪቦርድ ይለቅማቸዋል። ሰባት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ግዕዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ እያለ እስከ ሳብዕ ይወጣል። እስከ ሣልስ በነፃ ነው። ከራብዕ ወዲያ ግን ኮድ ይጠይቃል፤ ለኮዱም 50 ብር በቴሌብር መላክ ያስፈልጋል። ጌሙ ሲከፈት አንድ የፊት ገጽ ይመጣል። በዚያ ላይ የሠሪው ስም፣ የስልክ ቁጥሩ፣ ከሥሩም ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ስም ከምስጋና ጋር ተጽፎአል። የኮዱ ማስገቢያ ያለው በዚሁ ገጽ ላይ ነው።

ጌሙ የተሠራው ጎዶት በተባለ ሞተር ነው። ጎዶት ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩትና በ2014 ለማንም እንዲሆን የለቀቁት የጌም መሥሪያ ነው። ያለቀለትን ጥቅል መፍታት ለሚያውቅ ሰው ብዙ አይከብድም። ከራት በፊት ፈታሁት፤ ኮዱን ብቻ ነቅሎ ማውጣት አድካሚ ስለነበረ የፊት ገጹን እንዳለ ጣልኩት። ጌሙ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ግዕዝ ይገባል፤ ሰባቱም ደረጃ ክፍት። ተማሪው 40 ብር ከፈለኝና ሄደ። በዚያው ሰሞን ለሌሎች 13 ሰዎች ጫንኩላቸው። ስሙን አንብቤው ነበር፤ ግን እንዲህ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ በሕፃናት ክፍላችን አንዲት መምህርት ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ልጆቹን በጌም ፊደል ታስቆጥር ጀመር። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይሽቀዳደማሉ። ከኋላ በር በኩል አንድ የአራተኛ ዓመት ወንድማችን ቆሞ ያይ ነበር፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። መጀመሪያ ፊቱ በራ። ጨዋታው አልቆ እንደ ገና ሲከፈት ግን ቀረብ አለና «የፊቱ ገጽ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ «የምን ገጽ?» አለችው። ሌላ ምንም አልተናገረም። እኔ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ወንበር እየደረደርኩ ነበር።

ያን ሌሊት ያልኩት ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። የማንም ነገር አልጎደለም ብዬ ነበር። የእርሱ ዲስክ ላይ ያለው ጌም አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለበትም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ጌሙ ከሠሪው ጋር የሚያያዝበት ገመድ ተቆርጦ ነበር፤ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ልጆቹ ደስ ሲላቸው ደስታቸው ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግራቸው አልነበረም። የኔታም ስማቸው የተጻፈበት አንድ ቦታ ነበረ፣ እርሱም ጠፋ።

በየገዳማቱና በየአድባራቱ የቆዩት የብራና መጻሕፍታችን ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ብራናው የሚዘጋጀው ከቆዳ ተፍቆ ነው፤ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ብዕሩ ተቀርጾ፣ ቁም ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ወራት የሚፈጅበት ሥራ ነው። መጽሐፍ ተውሶ መገልበጥ የተከበረ ተግባር ነበር፤ መጻሕፍቱ ለእኛ የደረሱት በመቀዳት ነውና። በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ ግን የውግዘት ቃል እናገኛለን፤ ውግዘቱም የሚያርፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በሰረቀውና በፋቀው። የገለበጠው አይወገዝም። ምላጭ አንሥቶ የባለመጽሐፉን፣ ያስጻፈውን ወይም የጻፈውን ስም የፋቀ ሰው ግን ከሌባው ጎን ይቆማል።

አባቶቻችን ስለ ፍላሽ አስበው ነበር ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ የቀዳ ሰው በራሱ ድካም ከፍሎ ነው የሚቀዳው፤ ዛሬ በአራት ሰኮንድ ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ገንዘቡም ይቆጠራል፤ ወንድማችን ከ14ቱ ሰዎች ሊያገኝ የሚችለው 50፣ 50 ብር ለላፕቶፑ ባትሪ መግዣ ይሆነው ነበር። ይሁንና «ኮፒ ማድረግ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር በውስጡ ሁለት ሥራዎች እንዳሉት ያየሁት በዚህ ነው። አንዱ ማባዛት ነው። ሌላው መፋቅ ነው። የጎዶት ሠሪዎች እንኳ ሥራቸውን ያለ ዋጋ ሲሰጡ፣ ቅዳው፣ ለውጠው፣ ሽጠው ብለው ሲፈቅዱ፣ የሚጠይቁት አንድ ግዴታ የስማቸውና የፈቃዱ ማስታወቂያ አብሮ እንዲሄድ ብቻ ነው። ሁሉን የሰጠ ሰው ያስቀረው ያንን ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ ሻጮቹ እናዙር፤ እነርሱም ምላጭ አላቸውና።

ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም አለ፤ ይልቅስ ነበረ። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ሲሆን፣ ተጫዋቹ በትንሹ በተሣለች አሜሪካ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል። ብቻውን መንዳት ለሚፈልግ ሰው እንኳ ጌሙ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ አይነሣም። በዲሴምበር 2023 መሸጡ ቆመ፤ በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ከዚያች ቀን በኋላ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው ሰው፣ ዲስኩን ከነካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውም ጭምር፣ መንዳት አልቻለም። ከአንዳንዶቹም መዝገብ ላይ ፈቃዱ ራሱ ተነሣ። በቀጣዩ ወር ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ በ2025 ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። የሚጠይቁት ሰርቨሩ ለዘላለም ይኑር አይደለም። ስትዘጉ ገዢው በራሱ ማሽን እንዲያስኬደው አድርጋችሁ ተዉለት ነው የሚሉት።

ለኩባንያዎቹ ጥብቅና የሚቆም ሰው የሚለው አለው፤ ሰርቨር መብራት ይበላል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የእውነተኛ መኪኖች ስምና ዘፈን ያለበት ጌም ደግሞ የእነዚያ ፈቃድ ጊዜው ያልቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በቁልፉ ላይ የጻፉት «ግዛ» የሚል ቃል ነበር። በግ የገዛ ሰው፣ ሻጩ ከዓመታት በኋላ በአጥር ዘልሎ መጥቶ በጉን ቢወስድበት ምን ይላል? የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በዚህ ጉዳይ ሕግ አውጥቶ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሻጭ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» ብሎ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ገዢው አውርዶ ለሁልጊዜው ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት የሚችለውን ግን ሕጉ አይነካውም። ቃልን በቦታው የማዋል ሕግ ነው፤ ወድጄዋለሁ።

በመጻሕፍትም ደርሷል። በ2009 አማዞን ኪንድል በተባለው የማንበቢያ መሣሪያው አማካይነት የጆርጅ ኦርዌልን 1984 ከሸጠ በኋላ፣ በመደብሩ ያቀረበው ወገን መብቱ እንዳልነበረው ሲታወቅ ከገዢዎች መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሰረዘው። ገንዘባቸውን መልሷል፤ ኋላም ይቅርታ ጠይቋል። ሆኖም አንድ ተማሪ ለትምህርቱ በገጾቹ ላይ ይይዛቸው የነበሩት ማስታወሻዎች ከመጽሐፉ ተነጥለው እርባና ቢስ ሆኑ። የአያቴን ዳዊት ከሣጥኗ ማንም ከሩቅ ሊፍቀው አይችልም። የእኔ ዲስክ ላይ ያለው ግን ይቻላል። ከዚህ የተነሣ አንድ የሚያሳፍር ሐሳብ መጣብኝ፤ ዘ ክሩን በሕግ የገዛው ሰው ባዶ እጁን ሲቀር፣ በክራክ የተቀዱ አሮጌ ጌሞች ግን እስከ ዛሬ በየዲስኩ ይሠራሉ። ሌባው አቆየው፣ ባለቤቱ ፋቀው። ይህንን እንደ ማመካኛ ልጠቀምበት ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔ ያን ሁሉ ጌም የጫንኩት ለትውልድ ለማቆየት አልነበረም፤ ለ40 ብር ነበር።

«መግዛት ብንፈልግስ በምን እንገዛለን?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ይቀራል፤ ጠንካራ ጥያቄ ነው። ስቲም የተባለው ትልቁ የጌም መደብር በብር አይሸጥም። የአንድ አዲስ ጌም ዋጋ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 70 ዶላር ነው፤ ስንት ተማሪ ነው የወር ቀለቡን ለዚህ የሚያወጣው? ሕጋችን ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ማየት ይበቃል። እንግዲህ ሕጉ አለ፣ መግዣው በር የለም፤ በመካከል ተቀምጠን ፍላሽ እንቀያየራለን።

ፖላንድ በዚህ አልፋለች። እስከ 1994 ድረስ ፕሮግራምን የሚጠብቅ ሕግ አልነበራትም፤ በዋርሶ ገበያ የተቀዳ ጌም እንደ ሽንኩርት ይሸጥ ነበር። በዚያ ገበያ ያደጉ ሁለት ወጣቶች በ1994 ሲዲ ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ቅጂ ሻጩን በፖሊስ ከማሳደድ ይልቅ ገዢውን አሰቡ። በ1999 ባልደርስ ጌት የተባለውን ጌም ወደ ፖላንድኛ አስተርጉመው፣ በታወቁ ተዋንያን ድምፅ፣ ከካርታና ከመምሪያ መጽሐፍ ጋር በአንድ ሣጥን አቀረቡት። ከገበያው ቅጂ ውድ ነበር፤ ሰው ግን ተሰልፎ ገዛው፤ በቋንቋው የተናገረው ያ ብቻ ነበርና። ይኸው ድርጅት በ2008 ያለ ምንም ቁልፍ ጌም የሚሸጥ መደብር ከፈተ፤ የገዛኸውን አውርደህ በፈለግኸው ዲስክ ታስቀምጣለህ። የወንድማችን የፊደል ጌም ከዚህ የሚያንስ አይመስለኝም፤ በቋንቋችን ነው፣ በብር ነው፣ ግማሹም በነፃ ነው። የእርሱን ለመቅዳት «በር የለም» የሚለው ማመካኛዬ አይሠራም ነበር። በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ እኔ በመስኮት ገባሁ።

በእርሳስ የጻፍከው ወንድሜ፣ መልሴ ሙሉ አይደለም። ማንም በማይሸጥልህ ጌም ብትጫወት፣ ከሌባ ጋር በአንድ ቃል አልጠራህም፤ ንጹሕ ነህም አልልህም፤ የሠራውን ሰው ስም እወቅ፣ ለሌላ ስትሰጥም ስሙን አትቁረጥ፣ መክፈል የምትችልበት ቀን ሲመጣ አስታውሰው እላለሁ። በሌላ ሰው ድካም ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ትቻለሁ። አሁን የምቀበለው ማሽን ስጠግን፣ ራም ስጨምር፣ አቧራ ስጠርግ ነው። በራሴ ዲስክ ላይ ደግሞ ያልከፈልኩባቸው 11 ጌሞች አሁንም አሉ። ይህንን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት አጠፋቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላጠፋሁም።

ወደ ወንድማችን የሄድኩት ከሁለት እሑድ በኋላ ነው። ከቅዳሴ መልስ ግንቡ ሥር አገኘሁት። ከ14ቱ ሰዎች የተቀበልኩትን 560 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠሁትና ሁሉን ነገርኩት። አልተቆጣም። እምቢም አላለም፤ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና «ማን ማን ናቸው?» አለኝ። ስም ዝርዝሩን ስነግረው አቋረጠኝ፦ «ከእነርሱ መካከል ሳብዕ የደረሰ ልጅ አለ?» አላውቅም አልኩት። «እስቲ ጠይቂልኝ። ኃምስ ላይ ዝናቡን አብዝቼው ይሆናል እያልኩ እጨነቃለሁ።»

ትክክለኛውን ጌም ከነፊት ገጹ ሰጠኝና በየዶርሙ ዞርኩ። ዘጠኙን አገኘኋቸውና ቀየርኩላቸው። ሁለቱ ጌሙን ከፍተውት አያውቁም ነበር። የአንዷ ታናሽ እኅት ሳድስ ደርሳለች፤ ኃምስ ላይ ግን ሦስት ቀን እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ ይህንንም ለወንድማችን አድርሻለሁ። አምስቱ ተመርቀው ሄደዋል፣ ስልካቸውም አይሠራም። በእነርሱ ማሽን ላይ ጌሙ እስከ ዛሬ በቀጥታ ወደ ግዕዝ ይገባል።